በቅሎዋን ነው ወይስ አባባን ያመንሽው?

እሱ፦ እንደምን አላችሁ ወዳጆቻችን። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነን። ብርዱ አይጣል ነው። እህቴ ጋቢዋን ተከናንባ ነው የገባችው።

እሷ፦ ሁለት ነው የደረብኩት! አንድ ጋቢ ይበቃል የሚል ሰው ደብረ ብርሃንን በኅዳር አላያትም።

እሱ፦ ርዕሳችን እምነት፣ እውቀትና መታመን ነው። ክርስቲያን «አምናለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው? አውቄአለሁ ነው? ወይስ ባላውቅም ተቀብያለሁ? ከከተማችን ስም ልጀምር። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ከእግዚአብሔር ነው ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተሙበትም። ደብረ ብርሃን ተባለ።

እሷ፦ ይህንንማ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

እሱ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ብርሃኑን በፈረንጆች 1456 ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ሃሌይ ከሚባለው፣ በየ76 ዓመቱ ገደማ ከሚመለሰው። እና ኮከብ ከሆነ የንጉሡ እምነት ምን ሊሆን ነው?

እሷ፦ ምንም አይሆንም። ኮከቡንስ ማን ፈጠረው?

እሱ፦ እሱማ ልክ ነሽ። ግን ንጉሡ ተአምር ብለው ነው ያመኑት። እኛ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አስልተን እናውቃለን።

እሷ፦ ማስላትህ ብርሃኑን አያጠፋውም። ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ሰኔ ላይ ሲጥል አሁንም «ተመስገን» ነው የምለው።

እሱ፦ እኔ ግን ልዩነት አለው እላለሁ። ምልክት ብለን የያዝነው ነገር ሌላ ሆኖ ሲገኝ…

እሷ፦ እሱ ይቆየን። የእኔ እምነት ከምልክት አልጀመረም። ከበቅሎ ነው የጀመረው።

እሱ፦ (ሳቅ) መጣች በቅሎዋ! አድማጮቻችን፣ ይህችን በቅሎ እኔ ከሃያ ጊዜ በላይ ሰምቻታለሁ።

እሷ፦ እነሱ አልሰሟትም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ከአንኮበር አልዩ አምባ ገበያ ወሰዱኝ። መንገዱን ታውቀዋለህ። ላዩ ደጋ ነው፣ ገብስና ባቄላ። ታች ስትደርስ ጋቢህን አውልቀህ ትከሻህ ላይ ትጥላለህ። ስንሄድ በእግሬ ነው የወረድኩት። አባባ ቁልቁለት ላይ በቅሎ አይቀመጡም ነበር፤ እንስሳም ጉልበት አለው ይሉ ነበር። ስንመለስ ደከመኝና አስቀመጡኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉም መጣ።

እሱ፦ የአንኮበር ጉም!

እሷ፦ ከታች ነው የሚወጣው፣ ከገደሉ ሥር፣ እንደ ጭስ። የተቀመጥኩባት የበቅሎ ጆሮ ጠፋኝ። በስተግራዬ ገደል አለ። ስንወርድ አይቼዋለሁ። ያስፈራኝ ማወቄ ነው። ባላውቅ ኖሮ እያንቀላፋሁ እወጣው ነበር።

እሱ፦ እዚህ ጋ እውቀት ፍርሃት ሆነ ማለት ነው።

እሷ፦ ሆነ። ዛቡን በሁለት እጄ ሳብኩት። ወደ ቀኝ ልወስዳት እታገላለሁ፣ እሷ ወደ ኋላ ትላለች። አባባ ከኋላ «ልቀቂላት» አሉኝ። «አይታየኝም!» አልኩ። «ለእሷ ይታያታል። ዛቡን ልቀቂና ኮርቻውን ያዢ።» ለቀቅኩት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ መሬቱን እያሸተተች አንድ በአንድ መርገጥ ጀመረች። ኮቴዋ ድንጋይ ሲነካ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ከዚያ ደግሞ የአባባ ሳል። እሱን ስሰማ እረጋጋለሁ።

እሱ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በቅሎዋን ነው ወይስ አባባን ያመንሽው?

እሷ፦ (ዝምታ) ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አባባን ነው። በቅሎዋን ምን አውቃታለሁ? የሚያውቋት እሳቸው ናቸው፤ ስንት ዓመት ተመላልሰውባታል።

እሱ፦ ስለዚህ እሳቸው አውቀው አመኑ። አንቺ ሳታውቂ አመንሽ።

እሷ፦ አይደለም! እሳቸውን አውቃቸዋለሁ እኮ። ማታ እግሬን በሞቀ ውሃ የሚያጥቡኝ ሰው ናቸው። መንገዱን አላውቅም፣ በቅሎዋን አላውቅም፣ የሚናገረኝን ሰው ግን አውቃለሁ። ጭፍን አይደለም። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን አስብ፦ «ያመንሁትን አውቃለሁና።» ከእስር መቼ እንደሚወጣ አውቃለሁ አላለም። ማንን እንዳመነ ግን ያውቃል።

እሱ፦ እሺ፣ ወደ ርዕሳችን መለስሽን። በአውሮፓ የፕሮቴስታንት ሊቃውንት እምነትን በሦስት ይከፍሉታል። ማወቅ፣ እውነት ነው ብሎ መቀበል፣ ከዚያ ራስን አሳልፎ መስጠት፣ ማለትም መታመን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም ይላሉ። ያዕቆብ «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል» ያለው ለዚህ ነው።

እሷ፦ አየህ! አጋንንት ዛቡን አለቀቁም።

እሱ፦ (ሳቅ) በቃ፣ ሁሉም ነገር በቅሎ ሆነ።

እሷ፦ ቋንቋችንም እኮ ይህንኑ ነው የሚለው። «ጥፋቱን አመነ» እንላለን። «ቤቴን አምኜው ሄድኩ» እንላለን። ታማኝ፣ ምእመን፣ አሜን፣ ሃይማኖት ራሱ፣ ሥሩ አንድ ነው። ቤትህን አምነኸው የምትሄደው ለማታውቀው ሰው ነው?

እሱ፦ ግን ይኸው ቋንቋ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ይላል። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። የማውቃት እናት አለች። አንድ ሰው «መድኃኒቱን ተዪው፣ መዋጥሽ እምነት ማጣት ነው» አላት። ተወችው። ሆስፒታል የገባችው ተሸክመናት ነው። አመነች እኮ! እስከ መጨረሻው አመነች።

እሷ፦ ያማል። እኔ ጠበልም እጠመቃለሁ፣ ክኒኔንም እውጣለሁ። ሁለቱም ከአንድ አምላክ ነው።

እሱ፦ እሷ ግን ያን ሰው በምን ትወቀው? የቤተ ክርስቲያን ሰው መስሏት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ከእምነት አይቃረንም። መጠየቅ ያስፈልጋል።

እሷ፦ ይጠየቅ። ግን ጠይቀህ ጠይቀህ የምታቆምበት ቦታ አለ። ጉም ውስጥ ቆመህ አባባን «የዚህችን በቅሎ ታሪክ ንገሩኝ» አትልም።

እሱ፦ እኔ እል ነበር።

እሷ፦ ይመሽብህ ነበራ! እሺ፣ ማርቆስ 9 ላይ ያለውን የልጁን አባት ተመልከት። ልጁ ታሞበታል። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ እያለቀሰ። ጥርጣሬውን ይዞ ነው የመጣው። ኢየሱስ መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ና አላለውም። ልጁን ፈወሰለት።

እሱ፦ ይህን እቀበላለሁ። ግን እኮ ያም ሰው የሄደው ወደ ትክክለኛው ሰው ነው። የእኔ ጥያቄ እዚያው ነው ያለው፤ ማንን?

እሷ፦ የእኔም መልስ እዚያው ነው፤ አብረኸው ከርመህ የምታውቀውን። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ሃይማኖት ምንድን ነው» ብትላት ትስቅብሃለች። ግን ስልሳ ዓመት ስትጸልይ ኖራለች። ያ ማወቅ ካልሆነ ምን ይባላል?

እሱ፦ ማወቅ ነው። ሌላ ዓይነት ግን… እሺ፣ ለሳምንት ይቆየን። ኮከቡም አልተፈታም። ከመውጣታችን በፊት ግን፣ ያቺ በቅሎ አባባን ጥላቸው ታውቃለች?

እሷ፦ አንድ ጊዜ! የጥምቀት ዕለት፣ ታቦት ሸኝተው ሲመለሱ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ። ሕዝብ ሁሉ እያየ።

እሱ፦ (ሳቅ) እና ሸጧት?

እሷ፦ በነጋታው ጫኗት። እማማ «ደግሞ ልትወጣባት ነው?» ብትላቸው፣ «እሷ የምታውቀው ገደል ነው፤ ሜዳ አታውቅም» አሉ።