ጨለማ ኔቡላን በቴሌስኮፕ ፎቶ ማንሳት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የስልክ ፕሮግራማችን ስለ ጨለማ ኔቡላ የቀረቡት ጥያቄዎች ከተመደበልን ሰዓት በላይ ስለነበሩ፣ አንዳንዶቹን መልሶች በችኮላ ለማቋረጥ ተገድጄ ነበር። ጥያቄዎቹን ባጭሩ እያስቀመጥኩ፣ መልሱን በስቱዲዮ ከተናገርኩት ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ጨለማ ከሆነ ካሜራው የሚያነሳው ምኑን ነው? ሰማዩ ላይ ያለ ባዶ ቀዳዳ ነው ወይስ በእርግጥ ያለ ነገር?»

መልስ፦ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሌሎቹም መልስ ከዚህ ይመነጫልና። ጨለማ ኔቡላ እጅግ ቀዝቃዛ የሆነ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ከክብደቱ 99 በመቶ ያህሉ ጋዝ፣ ይልቁንም ሃይድሮጅን ሲሆን፣ አቧራው አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያቺ አንድ በመቶ ከበስተጀርባ የሚመጣውን የከዋክብት ብርሃን ለመጋረድ ትበቃለች። የደመናው ሙቀት ከፍጹም ዜሮ (ሙቀት ከዚያ በታች ሊወርድ ከማይችልበት ወሰን) በላይ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከራሱ የሚያወጣው በዓይን የሚታይ ብርሃን የለም።

ጠያቂያችን «ቀዳዳ» ማለታቸው የሚያስገርም አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል ከዋክብት ድንገት የሚጠፉባቸውን ቦታዎች ሲያይ በሰማይ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ አድርጎ ነበር የገመታቸው። ፍኖተ ሐሊብን ለዓመታት ፎቶ ሲያነሳ የኖረው ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድም ቢሆን ባዶ ስፍራ ነው ወይስ የሚጋርድ አካል በሚለው ላይ ብዙ ካመነታ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የ182 ጨለማ አካላትን ዝርዝር ያሳተመው። ዛሬ «ባርናርድ 33» ወይም «ባርናርድ 68» ስንል የእርሱን ቁጥር እየጠራን ነው። ባርናርድ 68 በተለመደው ካሜራ ሲታይ አንድም ኮከብ የሌለበት ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ አቧራን ዘልቆ በሚያልፈው በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲነሳ ግን ከጀርባው የነበሩት ከዋክብት ብቅ ይላሉ። ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ወዲያ የሚገለጥ ነገር ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ ካሜራችን የሚሰበስበው ከደመናው ጀርባ ያለውን ብርሃን ነው፤ ደመናውን የምናውቀው በዚያ ብርሃን ላይ በጣለው ጥላ ነው። ጥላ በደንብ እንዲታይ ግድግዳው ብሩህ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የምሰጣቸውን መልሶች ሁሉ ይህን እያሰቡ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ «80 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው አነስተኛ ቴሌስኮፕና ከዋክብትን እየተከተለ የሚዞር ማውንት አለኝ። ከየትኛው ብጀምር ይሻላል?»

መልስ፦ መሣሪያዎ ለዚህ ሥራ አያንስም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ጨለማ ኔቡላዎች ሰፊ ስለሆኑ፣ አጭር የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ ምስሉ እስከሚሠራበት ቦታ ያለ ርቀት) ያለው ቴሌስኮፕ ከትልቁ የተሻለ ያገለግላል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው ባርናርድ 33ን፣ ማለትም የፈረስ ራስ ኔቡላን ነው። ከኦሪዮን ኅብረ ኮከብ ቀበቶ ሦስት ከዋክብት መካከል የምሥራቁ ጫፍ ላይ ካለችው ከአልኒታክ በስተደቡብ፣ ከእኛ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ይገኛል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ዊሊያሚና ፍሌሚንግም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1888 በሃርቫርድ በተነሳ የመስታወት ፎቶግራፍ ላይ ነው። ቁመቱ የሙሉ ጨረቃን ስፋት አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የቴሌስኮፕዎ የትኩረት ርቀት 480 ሚሊሜትር፣ የካሜራዎ ፒክሰል ደግሞ 3.76 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ ፈረሱ በ300 ፒክሰል ገደማ ቁመት ይወጣል፤ ቅርጹን ለመለየት ይህ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግረው የአልኒታክ ድምቀት ነው፤ ኮከቧን ከፎቶው መሀል ያርቋት።

እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው ሌላ ነው። በንስር ኅብረ ኮከብ፣ ታራዜድ ከምትባለው ኮከብ አጠገብ፣ ባርናርድ 142 እና 143 የሚባሉ ሁለት ደመናዎች አሉ። በአንድነት ሲታዩ የላቲኑን «E» ፊደል ይመስላሉ፤ ስፋታቸውም ከሙሉ ጨረቃ ጋር ይቀራረባል። ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ እጅብ ያለው የፍኖተ ሐሊብ የከዋክብት ሠራዊት ስለሆነ፣ ማንኛውም ተራ ካሜራ ይመዘግበዋል። የፈረስ ራሱ ግድግዳ ግን ቀይ የሃይድሮጅን ብርሃን ነው፤ አብዛኞቹ የተለመዱ ካሜራዎች ደግሞ ከሴንሰራቸው (ብርሃኑን ከሚቀበለው ክፍል) ፊት ያለው ማጣሪያ የዚህን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ክፍል ይከለክላል። በጊዜ ረገድ ንስር ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ኦሪዮን ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በምሽት ከፍ ብለው ይታያሉ።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከተማ መካከል ነው፤ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ግራጫ ነው። ማጣሪያ ብገዛ ችግሬ ይፈታል?»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሦስት ሰዎች በተለያየ አነጋገር አቅርበውታል፤ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት መጠየቃቸውም ደስ አሰኝቶኛል። የከተማ ብርሃን ለሌሎች የሰማይ አካላት እንቅፋት ነው፤ ለጨለማ ኔቡላ ግን ከእንቅፋትም በላይ ነው። የሚበተነው በእኛና በደመናው መካከል፣ እዚሁ አየራችን ውስጥ ስለሆነ፣ በግድግዳውም ሆነ በጥላው ላይ እኩል ይደፋል።

በቁጥር እንየው። ከደመናው ጀርባ የሚመጣው ብርሃን 10 ነው እንበል። ጨለማ ስፍራ ላይ ሰማዩ ከራሱ 10 ቢጨምርበት፣ ደመና የሌለበት ቦታ 20፣ ደመናው ያለበት ደግሞ 10 ሆኖ ይመዘገባል፤ ደመናው ከዙሪያው በግማሽ ጠቁሮ ይታያል ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ሰማዩ የሚጨምረው 160 ቢሆን፣ ያው ደመና 160፣ ዙሪያው 170 ይሆናል። ልዩነቱ ያው 10 ነው፤ ነገር ግን አሁን ስድስት በመቶ እንኳ አይሞላም። የሰማዩ ብርሃን ይዞት የሚመጣው ኖይዝም (ምስሉን የሚያደበዝዘው የብርሃን መዋዠቅ) አብሮ ስለሚያድግ፣ በዚህ ምሳሌ መሠረት በጨለማ ስፍራ በሁለት ሰዓት የተገኘውን ጥራት ከከተማ ለማግኘት 22 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል።

ማጣሪያውን በተመለከተ፣ ወሳኙ ነገር ከደመናው ጀርባ ያለው ግድግዳ ምንነት ነው። ለፈረስ ራስ፣ በ656.3 ናኖሜትር የሚመጣውን የሃይድሮጅን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ማጣሪያ የከተማውን ብርሃን አብዛኛውን አስቀርቶ ግድግዳውን ስለሚያሳልፍ በእርግጥ ይረዳል፤ ከከተማ የሚያነሱ ሰዎች በዚህ መንገድ ጥሩ ሥራ ይሠራሉ። ከዋክብት ግን በሁሉም ቀለም ያበራሉና፣ ባርናርድ 143ን በዚሁ ማጣሪያ ቢያነሱት ግድግዳውን ከከተማው ብርሃን ጋር አብረው ይቆርጡታል። አዳዲሶቹ የኤልኢዲ የመንገድ መብራቶችም ብርሃናቸው በብዙ ቀለማት የተዘረጋ በመሆኑ፣ ለቀድሞዎቹ የሶዲየም መብራቶች የተሠሩት ማጣሪያዎች እንደ ድሮው አይጠቅሙም። ለእንዲህ ያለው ኔቡላ የማጣሪያውን ዋጋ መሣሪያዎን ጭነው ከከተማ ለሚወጡበት ጉዞ ቢያውሉት የበለጠ ያተርፋሉ። ጨረቃ በማትታይበት ሳምንት ይውጡ፤ ከጓሮ መውጣት ካልተቻለ ደግሞ ኔቡላው ከፍ ባለበት ሰዓት ብቻ ያንሱ፣ የጎረቤት መብራትም በቀጥታ ቱቦው አፍ ላይ እንዳያርፍ በጥቁር ጨርቅ ይከልሉት።

ጥያቄ፦ «አንዱን ፎቶ አምስት ደቂቃ ላቆየው ወይስ ብዙ የ30 ሴኮንድ ፎቶዎች ላንሳ?»

መልስ፦ ፎቶዎቹ ኋላ በኮምፒውተር ተደራርበው አንድ ስለሚሆኑ፣ ዋናው ጠቅላላው ሰዓት ነው። ጥራቱ የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ሩት መጠን ስለሆነ፣ የአንድ ሰዓቱን ፎቶ በእጥፍ ለማሻሻል አራት ሰዓት ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ፎቶ ርዝመት ለመወሰን የካሜራውን ሂስቶግራም (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየውን ግራፍ) ይመልከቱ፤ ጉብታው ከግራው ጠርዝ በግልጽ ከተላቀቀ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ ማርዘም የከዋክብቱን እምብርት ከማቃጠል በቀር የሚጨምረው ጥቂት ነው። በየጥቂት ፎቶዎቹ መካከል ቴሌስኮፑን በጥቂት ፒክሰሎች ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስን ግን አይተዉ። የሴንሰሩ ቋሚ ጉድለቶች ሲደራረቡ እንደ ዝናብ ያዘነበለ ጭረት ይፈጥራሉ፤ ያ ጭረት የሚጎላው ደግሞ ልናሳየው በደከምንበት በጨለማው ክፍል ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «በፎቶዬ ላይ በካርታ ውስጥ የሌለ ክብ ጥቁር ነገር አገኘሁ። አዲስ ኔቡላ ሊሆን ይችላል?»

መልስ፦ እህታችን ይህን ሲጠይቁ በድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ጉጉት አውቀዋለሁ። እኔም ከዓመታት በፊት በሠውር ኅብረ ኮከብ ባነሳሁት ፎቶ ላይ ከታወቁት የአቧራ ደመናዎች አጠገብ ጭስ የመሰለ ክብ ጥላ አይቼ፣ ስሙን ፍለጋ ሁለት ሌሊት ካታሎግ ስፈትሽ አድሬያለሁ። የነበረው በሴንሰሩ መስታወት ላይ ያረፈች አንዲት የብናኝ ቅንጣት ነበረች። እንዲህ ያለች ቅንጣት ከትኩረት ውጭ ስለሆነች፣ ጥላዋ ለስላሳ ክብ ይሆናል፤ መሀሉ በትንሽ መስታወት በተከለለ ቴሌስኮፕ ሲሆን ደግሞ ቀለበት ይመስላል።

ለመለየት ካሜራውን በቱቦው ላይ ሩብ ያህል አዙረው ያንኑ ቦታ እንደገና ያንሱ። ከዋክብቱ በፎቶው ውስጥ ዞረው ጥቁሩ ነገር ከነበረበት ጥግ ካልተነቃነቀ፣ ያለው ካሜራው ላይ ነው። መድኃኒቱ ፍላት የምንለው፣ የብናኙንና የሌንሱን ጥላ ብቻ መዝግቦ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ ፎቶ ላይ እንዲያስወግደው የሚያስችል ፎቶ ነው፦ የቱቦውን አፍ በነጭ ጨርቅ ሳይጨማደድ ሸፍነው፣ ወደ ንጋት ሰማይ አቅንተው፣ የሂስቶግራሙ ጉብታ ወደ መሀል እንዲደርስ አድርገው ሠላሳ ያህል ያንሱ። ትኩረቱንም ሆነ የካሜራውን አቀማመጥ ከሌሊቱ ሥራ በኋላ መንካት የለብዎትም፤ ከነኩት የብናኙ ጥላ ከቦታው ይለቃልና ፍላቱ አይገጥምም። የጋላክሲ ፎቶ ያለ ፍላት አንዳንዴ ያልፍ ይሆናል፤ የጨለማ ኔቡላ ፎቶ ግን ያለ ፍላት ሊታመን አይችልም፣ የሌንሱ ጠርዝ ጨለማና የደመናው ጨለማ አንድ ላይ ስለሚቀላቀሉ።

ጥያቄ፦ «ኮምፒውተር ላይ ሳስተካክለው ወይ ደመናው ይጠፋል፣ ወይ እንደ ቀለም ጠብታ ድፍን ጥቁር ይሆናል።»

መልስ፦ ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። ደመናው የሚጠፋው ሲሪልን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች የሰማዩን ያልተስተካከለ ብርሃን ሲያስወግዱ፣ የናሙና ነጥቦቹ ደመናው ላይ ስለሚያርፉ ነው፤ ፕሮግራሙ ጥላውን ጉድለት መስሎት ይሞላዋል። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ፈትሸው ደመናው ላይ ያሉትን ያንሱ፣ ቁጥራቸውንም ያሳንሱ። ድፍን ጥቁር የሚሆነው ደግሞ የጥቁሩን ወሰን (ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር የሚሆንበትን የብርሃን መጠን) አብዝተው ሲጎትቱት ነው። እነዚህ ደመናዎች የአካባቢያቸውን የከዋክብት ብርሃን በጥቂቱ ይበትናሉ፤ ጠርዛቸው ሳሳ ያለ ቡናማ ሲሆን፣ ወደ እምብርታቸው ሲጠጉ እየጠቆሩ ይሄዳሉ። ያ እርከን ከተቆረጠ ደመናው ውፍረት ያለው አካል መሆኑ አይታወቅም፤ እኔ አንድን ፎቶ ስመዝን መጀመሪያ የማየውም እርሱን ነው።

ጥያቄ፦ «ያለ ካሜራ፣ በዓይኔ ላየው እችላለሁ?»

መልስ፦ የፈረስ ራስን በትንሽ ቴሌስኮፕ በዓይን ማየት እጅግ ከባድ ነው። ባርናርድ 142 እና 143ን ግን ከከተማ ርቀው፣ በተራ የእጅ መነጽር ማየት ይችላሉ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ስልክም ሆነ ባትሪ ሳያበሩ ዓይንዎን ጨለማውን ያስለምዱ፣ ታራዜድን ይያዙ፣ ከዚያም መነጽሩን በቀስታ ወደ ምዕራብ ያንሸራትቱ፤ ከዋክብቱ የሚቋረጡበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆም ይበሉ።