የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፦ ከማደንዘዣው እስከ አሥረኛው ቀን

[ምስል፦ የታችኛው መንጋጋ ራጅ]

ከሁሉም ኋላ ያለውን ጥርስ ተመልከቱ። እንደሌሎቹ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ በጎኑ ተኝቶ ከፊቱ ያለውን ጥርስ ተደግፏል። ይህ የጥበብ ጥርስ የሚባለው የመጨረሻው መንጋጋ ነው። ብዙ ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል፤ ቦታ ሲያጣ እንዲህ አጥንትና ድድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በከፊል ብቻ ብቅ ካለ ምግብ በድዱ ሽፋን ሥር እየገባ ደጋግሞ ያመረቅዛል፣ የፊተኛውንም ጥርስ ያስበላል። ምንም ሳያስቸግር የተቀመጠ ጥርስ ግን ስላለ ብቻ አይወጣም። ሐኪሙ "ይውጣ" ሲላችሁ ምክንያቱን ራጁ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ከሥሩ በታች የሚታየው ጠቆር ያለ መስመር ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚያልፍበት ቦይ ነው። ሥሩ ቦዩን የነካ ከመሰለ ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከንፈር ወይም ምላስ እንደደነዘዘ ሊቆይ ይችላል፤ በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ግን በዚያው ይቀራል። ፈቃዳችሁን ከመፈረማችሁ በፊት ይህ ሊነገራችሁ ይገባል።

የምትወስዱትን መድኃኒትም አትደብቁ። የደም ማቅጠኛ የሆነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በራሱ ማቋረጥ የለበትም፤ ደሙ ተመርምሮ ሐኪሞቹ ይወስናሉ። ለአጥንት መሳሳት እንደ አሌንድሮኔት ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካልተናገረ፣ የመንጋጋ አጥንቱ ሳይድን ተጋልጦ ሊቀር ይችላል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላለው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል፤ ለአዋቂ የተለመደው 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው።

[ምስል፦ መርፌው፣ ከዚያ የድዱ አከፋፈት በሥዕል]

የሚሰጣችሁ በአብዛኛው ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ከጥቂት አድሬናሊን ጋር ነው። አድሬናሊኑ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ መድማቱ ይቀንሳል፣ ማደንዘዣውም ይቆያል፤ ለጥቂት ደቂቃ ልባችሁ በፍጥነት ቢመታ ከዚያ ነው። ከንፈራችሁ እስከ መሃሉ ሲደነዝዝ ሥራው ይጀመራል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ማደንዘዣ ሕመምን እንጂ ግፊትን አያጠፋም። ሐኪሙ ሲገፋ፣ መንጋጋችሁም ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል። ጥርሱ ሲከፈል ጆሯችሁ ሥር "ቀጭ" ይላል፤ አጥንት የተሰበረ ይመስላል፣ አይደለም። የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ግን እጃችሁን አንሱ፤ ተጨማሪ ይሰጣችኋል። ያመረቀዘ ቦታ ላይ ማደንዘዣ በደንብ ስለማይሠራ ይህ ያጋጥማል።

ሐኪሙ ድዱን ቀዶ ይገልጣል፤ ጥርሱን የሸፈነውን አጥንት በመሰርሰሪያ ያነሳል። ሲሰረስር ንጹሕ የጨው ውሃ ያለማቋረጥ ይፈስበታል፤ ያለ ውሃ አጥንቱ ግሎ ይሞታል። ጥርሱ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ የሚወጣው ብዙ አጥንት እንዳይቆረጥ ነው። ከዚያ ጉድጓዱ ታጥቦ ድዱ ይሰፋል። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃል። ክሩ በራሱ የሚሟሟ ካልሆነ በ7 ቀን ገደማ ይወጣል።

[ምስል፦ ጉድጓዱ በረጋ ደም ተሞልቶ]

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚያያዘው ጉድጓዱን ከሞላው የረጋ ደም ጋር ነው። የተራቆተውን አጥንት የሚሸፍነው እሱ ነው፤ አዲሱ ሥጋም በእሱ ላይ ይበቅላል። ጉድጓዱ ላይ የሚደረግላችሁን ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠበቅ አድርጋችሁ ንከሱ፤ "ቆሞ ይሆን?" እያላችሁ አታውጡት። እስከ 24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ አትትፉ፣ በስትሮ አትጠጡ። መምጠጥም መትፋትም የረጋውን ደም ይነቅላል። ሲጋራ ቢያንስ ለ3 ቀን ይቅር። ቀላ ያለ ምራቅ አያስደንግጣችሁ፤ ጥቂት ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል። አፍ እየሞላ የሚደማ ከሆነ አዲስ ጎዝ ለ30 ደቂቃ ንከሱ፣ ካልቆመ ተመለሱ።

ማስታገሻውን ማደንዘዣው ሳይለቅ ጀምሩ። ለአዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል ጋር ሲወሰድ ለዚህ ሕመም በጣም ይረዳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ካለ አይቡፕሮፌኑ ይቅር። ፓራሲታሞል በቀን ከ4 ግራም አይለፍ።

እብጠቱ የሚብሰው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። ብዙ ሰው "አመረቀዘብኝ" ብሎ የሚደነግጠው ያን ጊዜ ነው፤ አፍም በደንብ አይከፈትም። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አብዛኛው ይጠፋል። ከ24 ሰዓት በኋላ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጋችሁ፣ ከምግብ በኋላ ቀስ ብላችሁ አፋችሁን እጠቡ።

መስመር የሳተ ሕመም ግን የራሱ መልክ አለው። እየተሻላችሁ ቆይቶ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደ አዲስ የሚነሳ፣ ወደ ጆሮ የሚወጣ፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም ከመጥፎ ጠረን ጋር ከመጣ፣ የረጋው ደም ጠፍቶ አጥንቱ ተራቁቷል። ሐኪሞች ድራይ ሶኬት ይሉታል። አጫሾች ላይ ይበዛል። መድኃኒቱ ፀረ ባክቴሪያ አይደለም፤ ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ ማስታገሻ ያለበት ማሸጊያ ያደርግበታል፣ ሕመሙም ቶሎ ይበርዳል።

[ምስል፦ የላይኛው መንጋጋና ሳይነስ]

የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ለሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ጎን አጥንት ውስጥ ላለው አየር የሞላው ክፍተት፣ ቅርብ ነው። ስትጠጡ ውሃ በአፍንጫ ከወጣ አፍና ሳይነስ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ለ2 ሳምንት አትናፈጡ፣ ስታስነጥሱም አፋችሁን ክፈቱ።

የጥርስ ሥር መግል ሲሆን ደግሞ ሥራው ቀላል ነው፦ ይቀደዳል፣ መግሉ ይፈሳል፣ መነሻ የሆነው ጥርስ ይታከማል ወይም ይነቀላል። ክኒን ብቻ እየዋጡ መሰንበት አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ በታጎረ መግል ውስጥ በደንብ አይደርስምና። እብጠቱ ከአገጭ ሥር ወርዶ ምላስን ወደ ላይ ከገፋ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ሊዘጋ ይችላልና ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።