ከሐዋሳ እስከ ሳነቴ፦ ለእናቶች ማቆያ በሞተር

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ አልጋበዝኩም። እኔና ጓደኞቼ በሞተር እየዞርን ለእናቶች ማቆያ፣ ማለትም ነፍሰ ጡሮች ለመውለድ ቀድመው መጥተው ለሚያርፉበት ቤት፣ ብር እንሰበስባለን። በዚህ ላይ ደጋግሞ የሚመጣብኝን አንድ ጥያቄ ረጋ ብዬ መመለስ ስለፈለግኩ ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ለበጎ አድራጎት ብር ለመሰብሰብ ያን ሁሉ አገር በሞተር መዞር ለምን አስፈለገ? የነዳጁን ብር ብትሰጡ አይሻልም?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ቤንዚን በስንት ሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ክፋት አይደለም።

መጀመሪያ መንገዱን ላሳያችሁ። ከሐዋሳ እንነሳና በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርገን ሮቤና ጎባ እንገባለን። እስከዚያ አስፋልት ነው፣ ብዙ አይወራለትም። ነገሩ የሚጀምረው ከጎባ በላይ ነው። ኮረኮንቹ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፣ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ። ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ተራራ አለ፣ 4,377 ሜትር። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ይንተፋተፋል። ብርዱ ጣት ስለሚያደነዝዝ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መጨበጥ ራሱ ሥራ ይሆናል። ዕድል ከቀናችሁ ግን ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ ታያላችሁ። ሞተር አጥፍታችሁ እሷን ማየት ነው!

ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ውርጩን ትታችሁ በዚያው ቀን ደሎ መና ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ከደሎ መና ወደ ነጌሌ ቦረና፣ ከነጌሌ በክብረ መንግሥትና በቦሬ ዞሮ ወደ ሲዳማ መመለስ ነው። ዝናብ ከጣለ ቀዩ አፈር ጎማ ላይ ይለጠፋል። ጥርሳም ጎማ ያለውም ይንሸራተታል። የጎማ ንፋስ ትንሽ ቀንሶ፣ ቀስ ብሎ፣ ፍሬን ሳያበዙ ማለፍ ነው።

ይሄን ሳወራ ደስታዬ ከድምፄ ሳይሰማችሁ አይቀርም። ሞተር እወዳለሁ። መጥፎ መንገድ ደግሞ አብልጬ እወዳለሁ። ልቤን የሚከብደው ግን እዚህ ጋ ነው። እኔ ፈልጌ የምሄድበት መንገድ ምጥ የያዛት ሴት ሳትፈልግ የምትሄድበት ነው። አንዳንዱ ቦታ አምቡላንስ አይገባም። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸክሞ ያወርዳታል። በጭቃ፣ በሌሊት።

የጤና ባለሙያዎች እናት የምትጎዳው በሦስት መዘግየቶች ነው ይላሉ። ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን ይዘገያል። ጤና ተቋም መድረስ ይዘገያል። ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሕክምናው ይዘገያል። ሁለተኛው መዘግየት የመንገድ ጉዳይ ነው። ምጥ ለቀናት ሲጎተት የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን አካል ተጭኖ ደም እንዳይደርስ ያደርጋል። ደም ያጣው ቦታ ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል፣ ሽንት መቆጣጠር ያቅታታል። ፌስቱላ የሚባለው ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍም። በሰዓቱ ኦፕራሲዮን ብታገኝ ኖሮ አይደርስባትም ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እኛ ሲዳማዎች ይሄን ሩቅ አድርገን ማውራት አንችልም። ይርጋለም ቅርባችን ነው። የሃምሊን ፌስቱላ ማዕከል አንዱ ቅርንጫፍ እዚያ አለ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ከአውስትራሊያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታሉን አቋቋሙ። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪያርፉ ድረስ እዚሁ አገራችን ኖሩ። ሕክምናው በነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈቱ። ተመራቂዎቹ ወደ ገጠር ሄደው ያዋልዳሉ፣ ጉዳቱ ሳይደርስ።

እኛ ታዲያ ብሩን የምንሰበስበው ለእናቶች ማቆያ ነው። ማቆያ ማለት ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ያለች ቤት ናት። ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ቀድማ መጥታ እዚያ ትቆያለች። ምጥ ሲመጣ አዋላጇ አጠገቧ ናት። መንገዱን በአንድ ጀምበር መሥራት አንችልም፣ እናቲቱ ግን መንገዱን ቀድማ በእርጋታ ልትጨርሰው ትችላለች። ችግሩ ብዙ ማቆያ ባዶ መሆኑ ነው። ፍራሽ የለም፣ የሚበላ የለም፣ ማገዶ የለም። ቤት የቀሩ ልጆችም አሉ። ታዲያ ለምን ትመጣለች?

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ወደ ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪና አጥቶ አይደለም። ስለት ነው፣ ልፋቱም አብሮ ይሰጣል። የኛ ሰው የለፋን ሰው አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ለባለሱቅ ዝም ብላችሁ «ለእናቶች ስጥ» ብትሉት ኪሱን ይዳብሳል፣ ያገኛትን ይሰጣችኋል። «በኪሎ ሜትር አንድ ብር ቃል ግባልን» ብትሉት ግን ይደውላል፣ የት ደረሳችሁ ይላል፣ ለጓደኛውም ያወራል። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ልጆች እንዲህ አድርገው ቃል ገብተዋል። እነሱ ኪሎ ሜትሩን ሲቆጥሩ መንገዱንም ያውቁታል፤ የዚያችን ሴት ርቀት ያውቁታል።

ታዲያ ይሄ የሚሠራው ሒሳቡ ንፁህ ሲሆን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ነዳጅ፣ ምግብ፣ አልጋ፣ የጎሚስታ ሒሳብ ሳይቀር ሞተረኛው ከኪሱ ይከፍላል። ከተለገሰው አንድ ብር አይነካም። እንደ እድር ገንዘብ ያዥ አለን፣ ሦስት ሰው ሳይፈርም አይወጣም፣ ደረሰኙን ሁሉም ያያል። ዕቃውንም ከሐዋሳ ጭነን አንሄድም፣ እዚያው ማቆያው አካባቢ ካለ ገበያ እንገዛለን። የእናቶችን ፊት ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ለመውለድ የመጣች ሴት የኛ ማስታወቂያ አይደለችም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሞተር እሽቅድድም ኮከቡ ራንዲ ማሞላና ጋዜጠኛው ባሪ ኮልማን ሶማሊያ ሄደው ነበር። ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተሮች ተጥለው ዝገው አገኙ። አብዛኞቹ ትንሽ ጥገና አጥተው ነው የቆሙት። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው፣ ለጤና ሥራ ሞተሮች ጥገና የቆመ ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። እኛም ስለዚህ የተሰበሰበውን በአንዴ ዕቃ ገዝተንበት አንጨርስም። ፍራሹ የሚቀየርበት፣ ጣሪያው የሚጠገንበት ብር ይቀመጣል።

በነጌሌና በደሎ መና በኩል እስከ ኅዳር ዝናብ ስለማይጠፋ የምንወጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። ለማቆያው የሚያስፈልገውን አዋላጇ ሲስተር ዘርዝራ ሰጥታናለች፣ አጭር ነው፦ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ብረት ድስት፣ የገንፎ ዱቄት፣ ለሌሊት የፀሐይ መብራት። ሞተር ያላችሁ ጎማና ካቴናችሁን ከአሁኑ ለመካኒክ አሳዩ። ሞተር የሌላችሁ በኪሎ ሜትር የምትችሉትን እስከ ገና ድረስ ንገሩን።