ቀሪ የማይያዝበት የስም ጥሪ

ክቡራንና ክቡራት፣ የምዘና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ የትምህርት ጉዳይ ዘጋቢዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ዓለም አቀፍ ፈተናዎች ጥቅም እንድናገር ነው። ጥቅማቸውን የሚጠራጠር ሰው ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሁላችንም እያወቅነው ስለምናልፈው ነገር ልናገር፤ ውጤት በወጣ ማግሥት ሁሉም ስለሚሻማበት የደረጃ ሠንጠረዥ።

በቁጥሩ ልጀምር። ፒሳ የ15 ዓመት ልጆች በሒሳብ፣ በንባብና በሳይንስ የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ ፈተና ነው፤ ነጥቡ ከመቶ የሚሰጥ ማርክ አይደለም። ሚዛኑ ሲቀረጽ ፈተናውን የሚያካሂደው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) አባል አገሮች አማካይ 500፣ መደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም የተማሪዎች ነጥብ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን፣ 100 እንዲሆን ተደርጎ ነው። ተማሪው ለሁለት ሰዓት ይፈተናል፤ ከተዘጋጀው ጥያቄ ሁሉ የሚደርሰውም ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ የአንድን ልጅ ችሎታ አይነግረንም፤ የአንድ አገር ተማሪዎች ግምት ነው። ግምት ደግሞ የስህተት ወሰን አለው። የሁለት አገሮች መደበኛ ስህተት፣ ማለትም ግምቱ ከእውነተኛው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳየው መለኪያ፣ 3 እና 3 ነው እንበል። እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ ደምሩ፤ 18 ይሆናል። ካሬ ሥሩ 4.24 ነው፤ ለ95 በመቶ እርግጠኝነት በሚወሰደው 1.96 ሲባዛ 8.3። ከዚያ ያነሰ ልዩነት ካለ ማን እንደበለጠ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

አሁን የ2022ቱን የሒሳብ ውጤት ተመልከቱ። ጀርመን 475፣ ፈረንሳይ 474፣ ስፔንና ሃንጋሪ 473፣ ፖርቱጋል 472፣ ጣሊያን 471። ፈረንሳይ 3 ነጥብ ብትቀንስ ሦስት አገሮች ይቀድሟታል፤ ጋዜጣውም «ትምህርታችን ወደቀ» ብሎ ይጮኻል። በስሌቱ ዓይን ግን የሆነ ነገር የለም።

ይህ ግን ትንሹ ጥፋት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው፤ ፈተናው ላይ ያልተቀመጡት ልጆች።

ፒሳ የሚፈትነው ከ15 ዓመት ከ3 ወር እስከ 16 ዓመት ከ2 ወር ያሉትን፣ በትምህርት ገበታ ላይ የሚገኙትን፣ ቢያንስ 7ኛ ክፍል የደረሱትን ነው። ያቋረጠ አይቆጠርም። ክፍል እየደገመ 6ኛ ላይ የቀረም አይቆጠርም። ከዕድሜ እኩዮቻቸው ስንቱን እንደሚወክሉ የሚያሳየው የሽፋን ቁጥር ታትሟል፤ ግን በሪፖርቱ አባሪ ውስጥ፣ ማንም በማይገልጠው ገጽ ላይ።

ቬትናም በ2012 በሒሳብ 511 አመጣች። ብሪታንያ 494፣ አሜሪካ 481 ነበሩ። ዓለም አጨበጨበ። የቬትናም ሽፋን ግን 56 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከመቶ የ15 ዓመት ልጆች 44ቱ አልተወከሉም ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ቢፈተኑ ኖሮ አማካያቸው 400 ይሆን ነበር ብላችሁ ብታሰሉ የአገሪቱ ውጤት 462 ይሆናል። 450 ብትሉ 484። የትኛው ነው ልኩ? አልተፈተኑምና መልስ የለም። የተፈተኑት ጎበዞች መሆናቸውን፣ መምህሮቻቸውም መልፋታቸውን አልክድም። እኔ የምለው 511 የቬትናም ልጆች ሁሉ ውጤት አይደለም ነው።

ቻይናን ደግሞ እዩ። በ2009 እና በ2012 ውጤቱ የወጣው ለሻንጋይ ብቻ ነበር፤ አርዕስቱ ግን «ቻይና» አለ። በ2015 ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጂያንግሱና ጓንግዶንግ ባንድነት በሒሳብ 531 አገኙ። በ2018 ጓንግዶንግ ወጥቶ ዠጂያንግ ገባ፤ ውጤቱ 591 ሆነ። በሦስት ዓመት 60 ነጥብ! ይህን የማስተማር ዘዴ ለውጥ ነው ብሎ የሚተነትን ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አባሪውን አላነበበም።

ተቃራኒውም አለ። የቱርክ ሽፋን በ2003 36 በመቶ ነበር፤ በ2018 73 በመቶ ደረሰ። ቀድሞ ከደጅ የቀሩ ልጆች ወደ ክፍል ገብተው፣ የሒሳብ አማካዩ ከ423 ወደ 454 ከፍ አለ። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ከየት ይመጣል? የደረጃ ሠንጠረዡ ግን ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ ቀሪ የማይያዝበት የስም ጥሪ ነውና። ማንኛውም የክፍል ኃላፊ መምህር ቀሪውን ሳይመዘግብ ስም ቢጠራ እንገሥጸዋለን። እኛ ግን ውጤት በወጣ ቁጥር ይህንኑ እያደረግን መግለጫ እንሰጣለን!

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። ቲምስ የተባለው ሌላው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ፈተና በክፍል ደረጃ፣ 4ኛንና 8ኛን ይፈትናል፤ ፒሳ በዕድሜ። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አትቀላቅሉ። የትርጉም ጉዳይም አለ፤ አንድ ቃል ሲቀል ጥያቄውም ይቀላል። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ እንነጋገርበታለን።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ አማካይ አጠገብ መደበኛ ስህተቱንና ሽፋኑን አትሙ። ሁለት ዓምድ ነው። ገጹ አይበቃም የምትሉ አዘጋጆች ካላችሁ የደረጃውን ዓምድ አውጡት፤ ቦታ ይገኛል።

አመሰግናለሁ።