አምቡላንስ ውስጥ ማን ይናገር?

እንኳን በደህና መጣችሁ። የሚፈስ ደምን ማቆም፣ የተሰበረ አጥንትን ማሰር፣ ደረት እየተጫኑ ልብን ማነቃቃት፤ እነዚህን ባለፉት ክፍሎች አይተናል፤ ዛሬ አልመለስባቸውም። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው። እጁ የሠለጠነ፣ መሣሪያው የተሟላ፣ ልቡም ቅን የሆነ የአምቡላንስ ቡድን ታካሚውን እንዴት ሊያጣ ይችላል? ከመካከላቸው አንዱ አደጋውን አይቶ ዝም ሲል። ስለዚህ ዝምታ ነው የምናወራው።

ከአምቡላንሱ በፊት ግን አውሮፕላን ላይ እንሳፈር። የቻናሉ ነባር ተከታታዮች ይህን በረራ ከእኔ ሰምታችሁት ይሆናል፤ አሁንም አነሣዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ካርታ፤ ከዴንቨር ወደ ፖርትላንድ]

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978። የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 በ189 ሰዎች ተጭኖ አሜሪካ ውስጥ ወደ ፖርትላንድ ተቃርቧል። ጎማው ሲወርድ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ አውሮፕላኑም ተንገጫገጨ። ጎማው ተቆልፏል ወይስ አልተቆለፈም? ዋና አብራሪው ልምድ ያለው ሰው ነው። አየር ላይ እየዞረ ጎማውን መመርመር፣ ተሳፋሪዎቹን ለአስቸጋሪ ማረፊያ ማዘጋጀት ጀመረ። ጎማውን ያስባል። ጎማውን ብቻ ያስባል። እንዲህ ሲል አንድ ሰዓት ያህል ዞረ።

ነዳጁስ? ነዳጁን የሚያይ ሰው ነበረ። የበረራ መሐንዲሱ መለኪያው ፊቱ ነው። ቁጥሩን ተናግሯል፤ ነዳጁ እያነሰ መሆኑን ጠቁሟል። ጠቁሟል እንጂ «አሁኑኑ ካላረፍን እንወድቃለን» አላለም። ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደቀ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ መሐንዲሱም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። ጎማው ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ወርዶ ነበር።

ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። የጎደለ እውቀት አልነበረም። መረጃው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። መርማሪዎቹም አብራሪውን ወቅሰው ብቻ አላለፉም፤ አለቆች መስማትን፣ የበታቾች ደፍሮ መናገርን እንዲሠለጥኑ ጠየቁ። ናሳ በ1979 በዚሁ ጉዳይ ላይ ዐውደ ጥናት አዘጋጀ፤ ዩናይትድ በ1981 ሥልጠናውን ጀመረ። ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍልና በአምቡላንስ የሚሰጠው የቡድን ሥልጠና ከዚያ የተወለደ ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር እንምጣ። ታላቅን ማክበር ያደግንበት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ገና የተቀጠረ ወጣት ነርስ፣ ብዙ ዓመት ያገለገሉትን ሲስተር «የመተንፈሻ ቱቦው የገባው ጨጓራ ውስጥ ይመስለኛል» ብሎ እንዴት ይናገር? ይሉኝታ ይይዘዋል። መፍትሔው በደረጃ መናገር ነው። መጀመሪያ ያየኸውን፦ «ሲስተር፣ የታካሚው ኦክስጅን ወደ 82 በመቶ ወርዷል።» ካልተሰማህ ስጋትህን፦ «ሲስተር፣ ሰግቻለሁ፤ ቱቦው ቦታውን የያዘ አይመስለኝም።» አሁንም ካልተሰማህ መደረግ ያለበትን፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲስተር፣ ታካሚው አደጋ ላይ ነው፤ ቱቦውን አውጥተን በማስክ እናተንፍሰው።» አክብሮቱ አልጎደለም፤ ታካሚውም አልተረሳም። ሸክሙ በወጣቱ ላይ ብቻ እንዲወድቅም አልፈልግም። ገና ከመነሻው፣ መኪናው ውስጥ ሳሉ፣ «ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ» ማለት የሲስተር ድርሻ ነው።

ቀጥሎ ትእዛዝን መድገም፤ ይህን በፍጥነት ልለፈው። አዛዡ ልብን የሚያነቃቃ መድኃኒት ያዛል እንበል፦ «አድሬናሊን 1 ሚሊግራም፣ በደም ሥር።» ተቀባዩ ቃል በቃል ይደግማል፤ ሲሰጥም «ሰጥቻለሁ» ይላል። ለምን ይደገማል? ልቡ ለቆመ አዋቂ በደም ሥር 1 ሚሊግራም የሚሰጠው ይኸው መድኃኒት፣ ከባድ አለርጂ ለያዘው አዋቂ በጡንቻ ግማሽ ሚሊግራም ነውና፤ አንዱ በሌላው እንዳይምታታ ነው።

ታካሚው ለሆስፒታል ወደሚሰጥበት ርክክብ ልሄድ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቻችሁ የምትጽፉልኝ አንድ ቅሬታ አለ፤ ሳልመልስለት አላልፍም። «ሰው እየሞተ የአምቡላንስ ባለሙያዎች ቆመው ዙሪያውን ያያሉ፤ ግድ የላቸውም» ትላላችሁ። ንዴታችሁ ይገባኛል። ግን ያ ቆም ማለት ራሱ ሥራ ነው! የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? የፈሰሰ ነዳጅ አለ? ከኋላ የሚመጣ መኪና አለ? በከሰል የታፈነ ቤት አስቡ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ወንድም ወንድሙን ላውጣ ብሎ ይገባል፤ ይወድቃል። ጎረቤት ይከተላል፤ እርሱም ይወድቃል። ባለሙያውም ዘሎ ቢገባ ታካሚው አራት ሆነ፤ ሐኪም ግን የለም። እባካችሁ፣ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ አትገፍትሩት። «ስንት ሰው ውስጥ አለ? ከሰል ነበር?» ሲል መልሱለት።

ሳይረንም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የ2016 መረጃ መሠረት፣ ታካሚ ጭነው በመብራትና በሳይረን ከተጓዙ አምቡላንሶች ከ100,000 ጉዞ 17 ያህሉ ግጭት ገጥሟቸዋል፤ ያለ ሳይረን ከተጓዙት 7 ያህሉ። ስለዚህ ሹፌሩ ሳይረኑን አጥፍቶ ቢነዳ ታካሚውን ናቀ አትበሉ፤ ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ርክክብ። ሆስፒታል ሲደርሱ አንድ ሰው ይናገራል፤ ሌላው ሁሉ ይሰማል። ምን ደረሰበት፣ ምን አገኘን፣ ምን ሰጠን፣ ምን ተለወጠ። ከሁሉ በላይ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ ይነገር፤ ካልተነገረ ተረካቢው ሐኪም ያንኑ መድኃኒት ሊደግመው ይችላል።

ስለ ድካምና ስለ ሌሊት ተረኝነት በሚቀጥለው ክፍል እመጣለሁ፤ እንዳያመልጣችሁ ቻናሉን ተቀላቀሉ። እስከዚያው 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ አዲስ አበባ ላይ 939 ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ። ስትደውሉ መጀመሪያ ሰፈሩንና በአቅራቢያው ያለውን ሁሉም የሚያውቀውን ቦታ ተናገሩ፤ ያነሣው ባለሙያ መልሶ እስኪደግምላችሁ ድረስ ስልኩን አትዝጉ።