የጣሪያችን ውሃ

የተከበራችሁ የህንፃችን ባለቤቶች ማህበር አባላት፣ እንደምን አደራችሁ። የእሁድ ጠዋታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የሂሳብ ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ስላለ እሱ ላይ አልቆይም።

የሠራነውን ቶሎ ልበል። የጥበቃ ቤቱ ታድሷል። የኮሪደሩ ባለ 60 ዋት አምፖሎች በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ተቀይረዋል። ብርሃኑ ያው ነው። አንድ አሮጌ አምፖል ቀንና ሌሊት ሲበራ ወደ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላ ነበር። አዲሱ 0.22 አካባቢ ነው። በዚህ እኮራለሁ።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። «እኔ አንደኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት አልጠቀምም፣ ለምን የህንፃ መዋጮ እከፍላለሁ?»

ክረምት ላይ የጣሪያው ታንከር ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተሰበረ። ማስቀየሪያው ትንሽ ገንዘብ ነበር። ካዝናችን ባዶ ስለነበር «መዋጮው ሲገባ» ብለን አቆየነው። ፓምፑ ለሳምንታት ውሃ እስከ 12ኛ ፎቅ እየገፋ ጣሪያ ላይ ሲደፋ ከረመ። ለውሃውም ለመብራቱም ከፍለናል! አንድ ሌሊት ደግሞ የታችኛው ታንከር ነጠፈ። ፓምፑ በባዶው ሲሽከረከር አድሮ ሞተሩ ተቃጠለ። ያኔ አንደኛ ፎቅም፣ ሱቆቹም ጀሪካን ይዘው ወጡ።

ጉዳቱ ገና አላለቀም። የፈሰሰው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ግድግዳውን ይዞ ወርዷል። ኮንክሪት ውስጥ ያለ ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ይሄ የአንድ ፎቅ ጣጣ አይደለም።

ሊፍቱም እንዲሁ ነው። ባለሙያ በየወሩ እንዲያየው ተነጋግረን ነበር፤ ብር ስላልሞላ ቀረ። አሁን የምንጠራው ሲቆም ብቻ ነው። ሲቆም ደግሞ ዘጠነኛ ፎቅ ያሉት እናታችን፣ ጉልበታቸውን ይዘው በየፎቁ እያረፉ ሲወጡ አገኘኋቸው። ዘንቢላቸውን ተቀበልኳቸው። ምን እንደምላቸው ግን ጠፋኝ።

በጊዜ የምትከፍሉ አላችሁ፤ ህንፃው የቆመው በእናንተ ነው። ቅሬታዬ ቤታቸውን አከራይተው ስልክ በማያነሱት ላይ ነው። በየወሩ ኪራይ ይቀበላሉ። ስለ ጋራ ህንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለጋራ ወጪ የማዋጣቱን ግዴታ የጣለው በባለቤቱ ላይ ነው። ውጭ አገር ያሉትም ቢሆኑ ወኪል አላቸው፤ ዛሬ ግን ወኪላቸውም የለም።

የመጀመሪያው አጀንዳችን የመጠባበቂያ ፈንድ ነው። ሁለተኛው፣ የታችኛው ታንከር ሲነጥፍ ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ማስገጠም ነው። ያለ ምልዓተ ጉባኤ አንዱንም መወሰን አንችልም። ጎናችሁ ያለው ባዶ ወንበር የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እባካችሁ ስልካችሁን አውጡና ደውሉላቸው። እስከ አራት ሰዓት እንጠብቃለን።