ስብራቱን አይታችሁ ፍረዱ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ብረት ደርድሬያለሁ። ይሄ ጠቅ ያለው አንዱ ነው። ይሄ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ሁለተኛው። ሦስተኛው ድምፅ የለውም፣ ተሰብሯል። የዛሬው ወሬ ከእሱ ይጀምራል።

አዲስ አድማጮች ካላችሁ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ገጠር እየዞርኩ ሶላር እተክላለሁ፣ የተበላሸውንም እጠግናለሁ። ሞተር ሳይክል አለችኝ። የመሣሪያ ሳጥን ከኋላ አስሮ በጭቃ ዳገት መውጣት ሲሰለቸኝ ነው መልቲቱል የሚባለው ነገር ውስጥ የገባሁት። ታውቁታላችሁ። ሲታጠፍ ኪስ ይገባል፣ ሲዘረጋ ፒንሳ ይሆናል፣ እጀታው ውስጥ ቢላው፣ መጋዙ፣ ካቻቢቴው፣ ሞረዱ ተሸጉጧል።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት ከገበያ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ቄንጠኛ ዕቃ ነበር። ላዩ ላይ የታወቀ ስም የሚመስል ነገር ተጽፎበታል፣ አንድ ፊደል ብቻ ተቀይራለች። ዋጋው እርካሽ ሲሆንልኝ በሆዴ ነጋዴውን አታለልኩት ብዬ ነበር። ማን ማንን እንዳታለለ እንግዲህ ስሙ።

ሐምሌ ነው። ከሮብ ገበያ አልፌ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ አንድ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ። ጉሙ ወርዶ ከእጄ ወዲያ አይታየኝም። የፓኔሉን ማሰሪያ ልፈታ ዳዶውን በመልቲቱሉ ጫፍ ያዝኩና ጠመዘዝኩ። ቀጭ! የፒንሳው አንዱ መንጋጋ ቆርቆሮው ላይ እየተንከባለለ ወርዶ ጓሮ ድንቹ መሃል ገባ። ታች ቆመው የሚያዩኝ የቤቱ ባለቤት አንስተው አገላበጡትና «ለመሆኑ ይሄ ፒንሳ ነው ሰንጢ?» አሉኝ። «ሁለቱንም ነው አባቴ» አልኳቸው። «እንዲያ በለኛ! ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝ» ብለው ሳቁብኝ። ዳዶው የተፈታው እሳቸው ከጓዳ ባወጡት፣ ዝገት በበላው አሮጌ ፒንሳ ነው። ሲያቀብሉኝ ኮራ ብለው ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስብራቱን በስልኬ መብራት አየሁት። ውጩ ያብለጨልጫል። ውስጡ ግን ግራጫ ነው፣ ሻካራ ነው፣ የተፈጨ ስኳር ተረግጦ የደረቀ ይመስላል። መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ብረት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ አየር ከታሰረበት እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይተዋል። ያቺ ቀዳዳ ከገዛሁት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበረች ማለት ነው። እኔ ቀለሙን ሳደንቅ እሷ ትጠብቀኛለች።

እልኸኛ ስለሆንኩ የማውቃቸው አንድ ቀጥቃጭ ዘንድ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ገበሬው ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ እሳቸው ዘንድ ነው የሚመጣው። ሰባራውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና ምንም ሳይሉ እሳቱ ውስጥ ከተቱት። ወናፉ ሁለት ሦስቴ ተነፈሰ። በጉጠት አውጥተው አንድ ጊዜ ብቻ በመዶሻ መቱት። እንደ ሸክላ ፈረሰ። «ልጄ፣ ይሄ የፈሰሰ እንጂ የተቀጠቀጠ አይደለም» አሉኝ።

አጠገባቸው የመኪና ባሌስትራ ነበር። ማረሻ የሚያወጡት ከእሱ ነው። ቀይ እስኪሆን አግለው ውሃ ከነከሩት እንደሚጠነክር፣ ጥንካሬው ከበዛ ግን ድንጋይ ሲያገኘው እንደሚሰበር ነገሩኝ። ከለሰለሰ ደግሞ ይታጠፋል። «የታጠፈ ይቃናል፣ የተሰበረ ግን ያው ተሰበረ ነው» አሉ። እኔ መጽሔትና ቪዲዮ ሳገላብጥ የከረምኩበትን ነገር እኚህ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት። ስለ ብረት ከማንም በላይ የሚያውቁትን ሰዎች ደግሞ ጠይብ እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝቦች ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ይሄን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፣ ካነሳሁት አልጨርሰውም።

ከዚያ ወዲህ መልቲቱል ሳይ የምጠይቀው ጥያቄ ተቀየረ። ስንት ዕቃ አለው አልልም። ሲሸነፍ እንዴት ነው የሚሸነፈው? እሱን ነው የማየው።

አሁን እጄ ላይ ያለው ሌዘርማን ዌቭ ፕላስ ነው። አክስቴ ናት ከአሜሪካ ያመጣችልኝ። የሌዘርማንን ታሪክ የምወደው በፊያት ስለሚጀምር ነው። ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1975 ከባለቤቱ ጋር አሮጌ ፊያት ይዞ አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ መበላሸት አበዛች። ኪሱ ውስጥ ሰንጢ አለ፣ ፒንሳ ግን የለም። አሮጌ ፊያት ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አንጀቱ ይላወሳል። አገሩ ገብቶ በካርቶን ቅርጹን እየቆረጠ ጀመረ። ዓመታት ፈጀበት። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበው በፈረንጆቹ 1983 ነው።

ዌቭ ፕላስ 241 ግራም ይመዝናል። ኪስ ውስጥ ይታወቃል፣ ሱሪ ግን አያወርድም። ቢላው በቀላሉ ይሳላል፣ ከወንዝ ባመጣሁት ለስላሳ ድንጋይ አስር ደቂቃ በቂው ነው። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በጣም ጠንካራ ስለት ቶሎ አይዶለዱምም፣ አንዴ ከዶለዶመ ግን ገጠር ውስጥ በምን ትስለዋለህ?

ሁለተኛው፣ ወፍራሙ፣ የቪክቶሪኖክስ ስዊስቱል ነው። የኔ አይደለም፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው ያዋሰኝ፣ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ቪክቶሪኖክስ በፈረንጆቹ 1884 በስዊዘርላንድ ኢባህ የተጀመረ ፋብሪካ ነው። ቀዩን ሰንጢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስዊስቱል ሩብ ኪሎ ያልፋል። ሁሉም ዕቃ ከውጭ ነው የሚከፈተው፣ ሲከፈት ይቆለፋል፣ ሲቆለፍ ደግሞ እንደ ጥሩ የቤት በር ቁልፍ ድርግም ይላል።

ከልጁ ጋር ተከራከርን። መከራከሩ ሲያልቅ አንድ የደረቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተመታ ሚስማር አገኘን። ባሕር ዛፍ ከደረቀ ሚስማር እንደማይለቅ ታውቃላችሁ። እኔ በዌቭ ሳብኩ። ወጣ፣ ግን ስጨብጠው እጀታዎቹ ወደ ውስጥ ሲጎብጡ በመዳፌ ተሰማኝ። ጠርዙም መስመር አበጀልኝ። እሱ ቀጣዩን ሚስማር በስዊስቱል ነቀለ። ንቅንቅ አላለም። እጀታው ወፍራምና ክብ ክብ ስለሆነ መዳፍ አያርድም። በጉልበት በኩል ተሸነፍኩ፣ አምኛለሁ።

ሁለቱም ግን ከገበሬው አሮጌ ፒንሳ ጋር አይወዳደሩም። ተራ ፒንሳ አንድ መገጣጠሚያ አለው፣ እጀታው ድፍን ነው። መልቲቱል ሊታጠፍ ስለሆነ መንጋጋው ከእጀታው ጋር የሚጋጠምባቸው ሁለት ቦታዎች ይጨመራሉ፣ እጀታውም ባዶ ነው። ጫፉ የሾለው ደግሞ ጫፉ ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ ጠበቅ ያለ ዳዶ ስትፈቱ ወደ ጉሮሮው አስጠግታችሁ ያዙ እንጂ እንደኔ በጫፍ አትጠምዝዙ።

የኔ ዌቭ ጠባሳ አለው። አንዱን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። የሶላር ባትሪ ላይ ጎንበስ ብዬ ስሠራ ከእጄ አመለጠና በሁለቱ ፖል ላይ ጋደም አለ። ጯ! ሰማያዊ ብርሃን። እጀታው ላይ የምስር ክክ የምታህል ጉድጓድ ቀረች። ብረት እጀታ ነው፣ ፕላስቲክ ልብስ የለውም፣ ኤሌክትሪክ የምትነኩ ሰዎች ይሄን አትርሱ። ያ ልጅ እስካሁን «የባትሪ ሚዜ» እያለ ያበሽቀኛል።

ሁለተኛው ጠባሳ መቁረጫው ላይ ነው። ደንበጫ መንገድ ላይ የሞተሬ የፍሪሲዮን ካቦ ተፈታትቶ ጫፉን በዌቭ ቆረጥኩት። ካቦው ተቆረጠ፣ መቁረጫውም ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል ቁርጥ ገባ። የካቦ ሽቦ ከመዳብ ሽቦ ጋር አንድ አይደለም፣ ጠንካራ ነው። እዚህ ላይ ግን ዌቭ ፕላስ ያሸንፋል፤ መቁረጫው በብሎን የታሰረ ነው፣ ይፈታል፣ ይቀየራል። ስዊስቱል እንዲህ ቢጎዳ ጉዳቱን ይዞ ይኖራል።

ዋስትናውስ ትሉኛላችሁ። ሌዘርማን 25 ዓመት ይሰጣል። ቪክቶሪኖክስ ለብረቱና ለአሠራሩ ጉድለት የዕድሜ ልክ። ደስ ይላል። እስቲ ከማርቆስ አሜሪካ፣ የሌዘርማን ፋብሪካ ያለበት ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ድረስ አንድ ፒንሳ ላኩና የፖስታውን ሂሳብ ንገሩኝ። ለኛ ዋስትና ማለት ቤታችን ቁጭ ብለን ፈተን መግጠም መቻል ነው።

ዝገትንም ላንሳ። «የማይዝግ ብረት» የሚለውን ስም አትመኑት። የተቀላቀለበት ክሮሚየም የሚባለው ብረት ዝገትን ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም። የጮቄ ጉም ያረጠበው ካፖርት ኪስ ውስጥ ሦስት ቀን ረስቼው መገጣጠሚያው ላይ ቡኒ ነጥብ አወጣ። አደረቅሁት፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁበት፣ ለቀቀ።

የትኛውን ልግዛ ለምትሉኝ፦ ገንዘቡ የእርካሹን ያህል ብቻ ከሆነ መልቲቱል አትግዙ። በዚያው ብር ተራ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ ሰንጢ ግዙ። ጉልበት የሚበዛበት ሥራ ላይ ከሆናችሁና ከባዱን መሸከም ከቻላችሁ ስዊስቱል። እኔ ከዌቭ ጋር እቀጥላለሁ፣ ብሎኑ ስለሚፈታ ብቻ።

አክስቴ ለፋሲካ ትመጣለች። «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ «የፒንሳ ጥርስ» አልኳት። መስመሩ የተቆራረጠ መስሏት ሦስቴ አስደገመችኝ። በመጨረሻ «ጫማ አይሻልህም ልጄ?» አለችኝ።

ሳምንት እንገናኝ። ቻው።